የቅንጣቶች ግፊያና የሚባክነው ጨረር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን በዚህ በዓል እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ የመረጥሁት አርእስት ለብዙዎቻችሁ እንግዳ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ስለ አቶም ቅንጣቶች፥ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉበት ኃይልና በመንገድ ስለሚባክኑት ነው የምናገረው። ነገር ግን የዚህች ከተማ ስም ራሱ ከብርሃን የመጣ ነው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ስለ ታየው ብርሃን ደብረ ብርሃን ተባለች፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎችም ያንን ብርሃን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1456 ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ አንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ ስለ ጨረር ቢናገር ብዙ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይህን አርእስት እንድመርጥ ያደረጉኝ በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ትውልዳቸው አንኮበር ነው። ለካንሰር የጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ሄደው፥ ሳምንታት ቆይተው ተመለሱ። እኔም ልጠይቃቸው በገባሁ ጊዜ፥ «ልጄ፥ አንተ ቀለም የቈጠርህ ነህና ንገረኝ፤ ያ ከላዬ ሲዞር የነበረው መኪና እጁን ሳያሳርፍብኝ ምን ቢያደርግ ነው የዳንሁት?» አሉኝ። «እትዬ፥ አጥንቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትና ያሰላሁት ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ የተተከለው መኪና ጨረሩን የሚያገኘው ኮባልት 60 ከሚባል ብረት ነበር። ኮባልት 60 ማንም ሳይነካው ራሱ ጨረር ይሰጣል፤ ነገር ግን በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬ 2 ደቂቃ ከሥሩ ተኝቶ የሚታከም ሰው ብረቱ ሳይለወጥ 5 ዓመት ከ3 ወር ካለፈ 4 ደቂቃ መተኛት ይኖርበታል ማለት ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጥቁር አንበሳም በጅማም ሊኒያር አክሰለሬተር የሚባል ሌላ ዓይነት መኪና ሥራ ጀምሮአል። ይህኛው ጨረሩን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ባለሙያ ካልጠገነውና መብራት ካላገኘ ግን ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ጫፍ የጋለ ብረት አለ፤ ከጋለው ብረት ላይ ኤሌክትሮኖች ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ይወጣሉ። እነዚህን በከፍተኛ ቮልት ስቦ አየር ወደ ወጣለት ቱቦ ያስገባቸዋል። በቱቦው ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ይጠብቃቸዋል፤ እንደ ማዕበል ከኋላ እየገፋ በአንድ ሜትር መንገድ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ወደ ብርሃን ፍጥነት ያቀርባቸዋል። በመጨረሻ ተንግስተን ከሚባል ከባድ ብረት ጋር ይላተማሉ፤ ከመላተማቸውም ኤክስሬይ ይወጣል። እትዬን የነካቸው እጅ ይኸው ኤክስሬይ ነው።

አሁን ወደ ግፊያው ልምጣ። ኤሌክትሮን ሁሉ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ኤሌክትሮን ኤሌክትሮንን አይወድም፤ ይገፋዋል። በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲወጣ ሕዝቡ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ አይታችኋል። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ነገር ግን በመካከል ያለው ወደ ጎን ይጫናል፥ ከዳር ያለውም ሳይወድ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቅንጣቶች በአንድነት ሲፈጥኑ የሚሆነው ይህ ነው። ፈረንጆች ስፔስ ቻርጅ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር የቻርጅ ግፊያ እለዋለሁ።

ግፊያው ከሁሉ የሚበረታው በመነሻው፥ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ገና ቀስ ባሉበት በጋለው ብረት አጠገብ ነው። አስቀድመው የወጡት እንደ ደመና ሆነው ከኋላ ሊወጡ የሚፈልጉትን ይመልሷቸዋል። ቻይልድ በ1911፥ ላንግሚዩር በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሕጉን አገኙ፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሊያልፍ የሚችለው ጅረት 2.83 ጊዜ ያህል ይበልጣል እንጂ ብረቱን የቱንም ያህል ብታግሉት ከዚያ አያልፍም። አያቶቻችን ያዳምጡባቸው በነበሩት ባለ አምፑል ሬዲዮኖች ውስጥ ይሠራ የነበረው ሕግም ይኸው ነው። ዛሬ እነዚያ ሬዲዮኖች የቤት ጌጥ ሆነዋል፤ ሕጉ ግን በሆስፒታሉ መኪና ውስጥ ሥራውን አልተወም።

ወደ ፊት ሲሄዱ ግን አንድ ድንቅ ነገር ይሆናል። አምፔር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 እንዳሳየው ወደ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ የሚሄድባቸው ሁለት ሽቦዎች ይሳሳባሉ። ጎን ለጎን የሚሮጡ ኤሌክትሮኖችም እንደ ሁለቱ ሽቦዎች ናቸው፤ ቻርጃቸው ያገፋፋቸዋል፥ ሩጫቸው የሚፈጥረው ማግኔት ያሳስባቸዋል። ፍጥነታቸው ሲጨምር መሳሳቡ መገፋፋቱን እያሸነፈው ይሄዳል፤ ፈጽሞ ግን አያሸንፈውም። በ25 ሺህ ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ከብርሃን ፍጥነት ከመቶ 30 እጁን ያህል ይዞ ይሮጣል፤ በዚህ ጊዜ ከግፊያው የሚሰረዘው ከመቶ 9 እጅ ብቻ ነው። 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ ግን የሚቀረው ግፊያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሆስፒታሉ መኪና ዋና ጭንቅ ከመነሻው ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ላይ ያልፋል።

የፕሮቶን ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ስለሚከብድ ቶሎ አይፈጥንም፤ በግፊያው ውስጥም ረጅም መንገድ ይሄዳል። በሕክምናው መኪና ውስጥ በመነሻው አካባቢ ብዙ ኤሌክትሮኖች ከግድግዳ ጋር ተላትመው ይቀራሉ፤ ኃይላቸው ገና ትንሽ ስለ ሆነ የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ አይደለም። ትልቅ ኃይል ያለው ፕሮቶን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ሲላተም ግን ብረቱን ራሱን ጨረር ሰጪ ያደርገዋል። መኪናው ከጠፋ በኋላ ሳይቀር ብረቱ ጨረር ይሰጣል፤ ሊጠግን የገባውም ሠራተኛ ይጎዳል። እንግዲህ የብክነት ነገር የቁጠባ ነገር ብቻ አይደለም፤ መፍቻ ይዞ የሚገባውን ሰው ጤና ይመለከታል። ስለዚህ የዘርፉ ሊቃውንት በአንድ ሜትር ቱቦ ከ1 ዋት የበለጠ እንዳይባክን የሚል ልክ አበጅተዋል። 1 ሚሊዮን ዋት በሚሸከም ጨረር ከአሥር ሺህ አንዱ ቢጠፋ 100 ዋት ነው፤ የአንድ የድሮ አምፑል ኃይል ማለት ነው። ያ አምፑል በ100 ሜትር ላይ ተከፋፍሎ ቢጠፋ ልኩ ተጠበቀ፤ በአንድ ቦታ ቢጠፋ ግን ወደዚያ ቦታ የሚገባ ሰው አይኖርም። የመንዝ እረኛ ማታ በጎቹን ሲቈጥር አንዲት ብትጎድል ያውቃል፤ የዚህኛው እረኛ ግን ከአሥር ሺህ አንዷን፥ ያውም ከየትኛው ገደል እንደ ወደቀች ማወቅ አለበት።

ክብ በሆኑት መኪናዎች ቅንጣቱ ያንኑ መንገድ በሺህ በሚቈጠር ጊዜ ይዞራል። ማግኔቶች ከዳር ወደ መካከል እየመለሱት ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ይሄዳል። በአንድ ዙር የሚወዛወዘው ቍጥር ሙሉ ቍጥር የሆነ እንደ ሆነ የማግኔቶቹ ትንንሽ ጉድለት በየዙሩ በዚያው ሰዓት ይገፋዋል፤ ዥዋዥዌ የሚጫወተውን ልጅ በጊዜው እየጠበቁ እንደ መግፋት ነው። መሐንዲሶች ከነዚህ ክፉ ቍጥሮች ርቀው መኪናውን ይሠራሉ፤ የቻርጅ ግፊያ ግን የማግኔቶቹን መልሶ መሳብ ስለሚያላላ ቍጥሩን ወደ ክፉው ይጎትተዋል። ላስሌት የተባለ አሜሪካዊ ይህን በ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሰላ። በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን ቤተ ሙከራ የተወሰደው መድኃኒት ቀላል ይመስላል። ፕሮቶኖቹ ወደ መጀመሪያው ክብ መኪና ሲገቡ የነበራቸው ኃይል 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ ሊናክ 4 የተባለው አዲስ መኪና በ2020 ከክቡ መኪና ጋር ከተገናኘ ወዲህ 160 ሚሊዮን ሆነ። በፍጥነት ስለሚገቡ ግፊያው ወደ ግማሽ ወረደ፤ ስለዚህ በዚያው መንገድ እጥፍ ፕሮቶን ማሳለፍ ተቻለ። ሒሳቡን በደብተሬ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ 2.04 ይወጣል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። አንድ መኪና ከመሠራቱ በፊት ከአሥር ሺህ አንዱ የት እንደሚጠፋ በምን ይታወቃል? መልሱ በኮምፒዩተር በማስመሰል ነው፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ቅንጣቶቹን በቍጥር ይይዛል፥ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ኃይል ያሰላል፥ ጥቂት ያራምዳቸዋል፥ እንደ ገና ያሰላል። ሲነገር ይቀላል። ነገር ግን 1,000 ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲገፋፉ 499,500 ጥንዶች አሉ፤ በ10,000 ደግሞ 50 ሚሊዮን ያህል ጥንዶች ይሆናሉ። በእውነተኛው መኪና ውስጥ በአንዱ ጭብጥ 100 ቢሊዮን ፕሮቶን ሊኖር ይችላል፤ የጥንዶቹ ቍጥር 5 ብላችሁ 21 ዜሮ ስትጨምሩበት የሚገኘው ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጥንድ የሚያሰላ ኮምፒዩተር አንዲት እርምጃ ብቻ ለማስላት 158,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ሊቃውንቱ በሁለት ብልሃት አለፉት። አንደኛው ቡነማንና ዶውሰን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካስጀመሩት አሠራር የመጣ ነው። ቦታውን ሁሉ በትንንሽ ሣጥን ይከፋፍሉታል፥ በየሣጥኑ ስንት ቻርጅ እንዳለ ይቈጥራሉ፥ ግፊያውንም ከየሣጥኑ ያሰላሉ። በባሶና ወራና ያለ ሰው በመንዝ ያለውን ሕዝብ እያንዳንዱን በስሙ ማወቅ አያሻውም፤ በየቀበሌው ስንት እንዳለ ቢያውቅ ይበቃዋል። ሁለተኛው ብልሃት አንዱ የኮምፒዩተር ቅንጣት ስለ ብዙ ሺህ እውነተኛ ቅንጣቶች እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ለአንድ መንደር አንድ ሽማግሌ ቀርቦ እንደሚናገር። ይህ ብልሃት ግን መዘዝ አለው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዳቸው ከልክ በላይ ይከብዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲገፋ በእውነቱ ዓለም የሌለ መንገጫገጭ ይፈጠራል፥ ኮምፒዩተሩም የሌለ ብክነት ያሳያል። ደግሞም የሚፈለገው ከአሥር ሺህ አንዱ ነውና 1,000 ቅንጣት ያስመሰለ ሰው አንድም ጠፊ ላያይ ይችላል፤ መኪናው ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። አንድ ሚሊዮን ያስመሰለ ግን 100 ያህል ጠፊዎች ያገኛል፤ በዚያም ላይ 10 ያህል ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል ያውቃል።

እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ በፊዚክስ መምህራችን ርዳታ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ትንሽ ሙከራ አድርገናል። የሠራነው ግለክስተርን የተባለ አሜሪካዊ በ1994 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳየው መንገድ ነው። ዋናውን ጅረት እንደ አንድ ክብ በትር እንቈጥረዋለን፤ ስፋቱንም በአንድ እኩልታ እናሰላለን። ከዚያም 1,000 ነጠላ ቅንጣቶች በትሩ እንዲገፋቸው፥ እነርሱ ግን በትሩን እንዳይገፉት አድርገን እንለቃቸዋለን። በትሩ ሲጀምር ከማግኔቶቹ ጋር የሚስማማ ስፋት ካለው ነገሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ከሚስማማው አስፍተን ስንጀምረው ግን በትሩ እንደ ደረት መተንፈስ ይጀምራል፤ ይጠባል ይሰፋል፥ ይጠባል ይሰፋል።

ዥዋዥዌ ላይ ቆሞ የሚጫወት ልጅ ማንም ሳይገፋው ራሱን ከፍ የሚያደርገው እንዴት እንደ ሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በአንድ ሙሉ ምልልስ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና ይላል። በትሩም ሁለት ጊዜ በሚተነፍስበት ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ የሚወዛወዝ ቅንጣት ካለ እንደዚያ ልጅ ነው፤ በየትንፋሹ ጥቂት ጥቂት ከፍ ይላል፥ ከበትሩም ወጥቶ ይርቃል። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አብዛኞቹ ነጥቦች በመካከል ተሰብስበው ጥቂቶቹ ብቻ በዙሪያ ሲበተኑ ይታያል፤ በአንኮበር ጉም ሲሆን ጨረቃን የሚከባትን ክብ ይመስላል። ፈረንጆችም በዚሁ ምክንያት ሄሎ ብለው ሰይመውታል። ርቀው የሄዱት የመወዛወዛቸው ሰዓት ስለሚለወጥ ከትንፋሹ ጋር መስማማታቸውን ያጡና ይመለሳሉ። ስለዚህ ሄሎው ዳርቻ አለው። ቱቦው ከዚያ ዳርቻ የሰፋ እንደ ሆነ በዚህ ምክንያት የሚጠፋ አይኖርም፤ የጠበበ እንደ ሆነ ብረቱ ይመታል። በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በአሜሪካ በቴነሲ አገር በኦክ ሪጅ ኤስ ኤን ኤስ የሚባል ትልቅ መኪና አለ። የሚያፋጥነው ሁለት ኤሌክትሮን ያለውን የሃይድሮጅን አቶም ነው፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ከ2006 ጀምሮ ሲሠራ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ በስሌቱ ያልታሰበ ብክነት ታየ። ሠራተኞቹም ነገሩ ሳይገባቸው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ጅረቱን የሚያጠቡትን ማግኔቶች ሲያላሉ፥ ማለት ጅረቱ ሲሰፋ ብክነቱ ቀነሰ። ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሰፋ ጅረት ወደ ግድግዳው ይቀርባልና ሊበዛ ነበር የሚገባው። ሌቤዴቭ የተባለ ሳይንቲስት ምክንያቱን አሰበ። አቶሞቹ በጭብጡ ውስጥ እርስ በርስ ሲነካኩ አንዱ ኤሌክትሮኑን ያጣል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣው ቻርጅ የለውም፥ ቻርጅ የሌለውን ማግኔት አይመልሰውም፥ በቀጥታ ሄዶ ግድግዳ ይመታል። በሣጥን የሚቈጥረው ስሌት የጭብጡን ጠቅላላ ግፊያ እንጂ ሁለቱ ለብቻቸው ሲነካኩ የሚሆነውን አያይም። ይህን ለመፈተን ኤሌክትሮኖቹን አስቀድመው ገፍፈው በዚያው ቱቦ ፕሮቶን ላኩ። ፕሮቶን የሚያጣው ኤሌክትሮን የለውም፤ ብክነቱም እጅግ ቀነሰ። ውጤቱ በ2012 ታተመ። ጥቁር አሜሪካዊው ሴካዚ ምቲንግዋ ከብዮርከን ጋር ሆኖ በ1983 ያሰላውም የዚህ ዘመድ የሆነውን፥ በአንድ ጭብጥ ውስጥ የሚደረገውን የጥንዶች ግጭት ነበር።

ከወላጆች መካከል፥ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ዳቦና መንገድ ይቅደም» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ አባቴም ብሎኛል። አባቴን እንደ መለስሁለት ልመልስ። መኪናው አገራችን ገብቶአል፤ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር አልፎአል። የቀረው ጥያቄ መኪናው ሲያመው ሐኪሙ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ኤሌክትሮን መተኮሻው የሚሰጠው ጅረት ሲቀንስ ብረቱ አልግል ብሎ ነው ወይስ ቮልቱ ወርዶ ብሎ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ታካሚው ይጠብቃል፤ ካንሰሩ ግን አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመጀመር ደግሞ ትልቅ መኪና አያሻም። ኦፓል የሚባለው፥ በስዊስ ፖል ሼረር ተቋም የተሠራው የማስመሰያ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን አለን።

መሣሪያ የለንም ለሚል ተማሪ ደግሞ የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ነገር ላስታውሰው። እኒህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር በደርግ ዘመን በታሰሩበት ወኅኒ ቤት ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። እኛ ከዚያ ቤት የተሻለ ክፍልና አንድ ኮምፒዩተር አለን።

ኮምፒዩተሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፥ መብራት ከኖረ፥ በሳይንስ ክፍል ተከፍቶ ይቆያል። ባይኖርም የበትሩን ትንፋሽና የሄሎውን ሥዕል በወረቀት አትመን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችም የበትሩን የመጀመሪያ ስፋት እየለዋወጡ እንዲሞክሩ እኩልታውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈንላቸዋል።